ምቱን የማይነካ ሪሚክስ

በየጭፈራ ቤቱ የምንሰማው አብዛኛው ሪሚክስ አሠራሩ አንድ ነው። የቆየ ዘፈን ይወሰዳል፣ ፍጥነቱ ይጨመራል፣ ከሥሩ ሳያቋርጥ ዱም ዱም የሚል የሃውስ ኪክ ይገባለታል፣ አለቀ። ሰው ይጨፍርበታል፤ እኔም ጨፍሬበታለሁ። ዘፈን ግን በዚህ አይታደስም። የሚታደሰው ምቱ ተፈትቶ እንደገና ሲሠራ ነው። ይህን በተግባር ያሳዩን በ1990ዎቹ ማብቂያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ለንደን ብሮክን ቢት የተባለውን ስልት የፈጠሩት ሙዚቀኞች ናቸው።

ከመሪዎቹ አንዱ ዴጎ፣ ከማርክ ማክ ጋር ፎርሂሮ በሚል ስም ጃንግልና ድራም ኤንድ ቤዝ ሲሠራ የኖረ ነው። ጃንግል የቆመው በአሮጌ ሸክላዎች ላይ ባሉ አጫጭር የከበሮ ምቶች ላይ ነበር። ከሁሉ የታወቀው ዊንስተንስ የተባለው ባንድ በ1969 ባሳተመው «አሜን ብራዘር» ላይ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን የመታው ጥቂት ሰከንድ ነው። የጃንግል ፕሮዲዩሰሮች ያንን ቆራርጠው እንደ አዲስ ይገጣጥሙታል። የብሮክን ቢት ሰዎች ፍጥነቱን ወደ ሃውስ አወረዱት፤ መቆራረጡን ግን አልተዉም። ኪኩ ይመጣል ባልንበት አይመጣም፣ ስኔሩ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፣ ባሱ በክፍተቱ ይገባል። ጨፋሪው ምቱን በራሱ አካል ፈልጎ ማግኘት አለበት። ውበቱም እዚህ ላይ ነው።

ኤሚ ዋይንሃውስ በ2003 የዘፈነችውን «ኢን ማይ ቤድ» እንውሰድ። ፕሮዲዩሰሩ ሳላም ረሚ ከሥሩ ያስገባው ከበሮ ቀደም ብሎ ለራፐሩ ናስ የተጠቀመበት ነው፤ ምንጩ ደግሞ ኢንክሬዲብል ቦንጎ ባንድ በ1973 የተጫወተው «አፓቼ» ነው። የብሮክን ቢት ቡድኑ ቡግዝ ኢን ዘ አቲክ አባላት ሪሚክስ ሲያደርጉት ድምጿን ይዘው በሥሩ ያለውን ምት ቀየሩት። ቃሉ ያው ሆኖ ስሜቱ ሌላ ይሆናል፤ ከባድ የነበረው ዘፈን እግር ያወጣል።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ችክችካ አንዱን ልክ በሁለትም በሦስትም ያስቆጥራል። እስክስታን የሚያስወርደው የሁለቱ መጎተት ነው። ከሥሩ የሃውስ ኪክ ሲገባ አንዱ ቆጠራ ያሸንፋል፣ ሌላው ይቀበራል፤ ማሲንቆውም ለጌጥ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውስጥ ተስፋ የማደርገው እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደ እንደገና ሙሉ ባሉ ሙዚቀኞች ላይ ነው። የሚካኤልን የ2016 «ዘላለም» ያዳመጠ፣ ኮምፒውተሩ ለአገሩ ድምፅ ቦታ ሲለቅ ይሰማዋል። የሁለቱንም ቀደም ያሉ ሥራዎች ያሳተመው የዋሽንግተኑ አሳታሚ 1432 አር መሆኑ፣ እዚህ ያሉ አሳታሚዎችን ሊቆጫቸው ይገባል።

ድሮ ዲጄዎቻችን ምቱን እንደገና ላለመሥራት አንድ በቂ ምክንያት ነበራቸው። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሸክላዎች ሲቀዱ ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ላይ ስለተቀዱ ድምፁን ለብቻ ማውጣት አይቻልም ነበር። ዛሬ ይህን የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል፤ የሙዚቃ ማሰራጫው ዲዘር በ2019 ያወጣው ስፕሊተር በነፃ ይገኛል። ድምፁን አውጥቶ ከሥሩ ችክችካውን እንደገና መምታት፣ መስበር፣ ባዶ ቦታ መተው ይቻላል። ሥራው ረጅም ነው፤ ጥሩ ከበሮ መቺ አጠገብ ተቀምጦ መስማትም ይጠይቃል።

ሌላም ዕዳ አለ። ኮልማን በ2006 ሲሞት በሺዎች ለሚቆጠሩ ዘፈኖች መነሻ ከሆነው ምቱ ምንም አላገኘም ነበር። የእኛም የድሮ ባንዶች ከበሮ መቺዎች ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ በሸክላው ሽፋን ላይ የለም። በሕይወት ያሉትን ፈልጎ ማስፈቀድ፣ ስማቸውን መጻፍ፣ ድርሻቸውን መክፈል ሪሚክሱ ከመለቀቁ በፊት መሠራት ያለበት ነው።