የወላጆች ዕቃ በቀዘቀዘ ገበያ

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የገበያ ነገር ብቻ ይመስላል፤ ወደ ውስጡ ሲገቡ ግን የወንድማማችና የእኅትማማች ፍቅር የሚፈተንበት ሆኖ ይገኛል። ይኸውም ከወላጆች የተረፈ አሮጌ የቤት ዕቃ በሚሸጥበት ጊዜ የሚደርሰው ነገር ነው።

በአንድ በምናውቀው ቤት የሆነውን እንናገር። እናት ካረፉና ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ አራቱ ልጆቻቸው ተሰበሰቡ። ቤቱ የሚለቀቅ ስለ ሆነ ዕቃው መነሣት ነበረበት። ዕቃውም ባለ መስታወት ትልቅ ቡፌ፥ ቁም ሳጥን፥ ስምንት ወንበር ያለው የምግብ ጠረጴዛና ሁለት የጅማ በርጩማዎች ነበር። ሁሉም ከወፍራም እንጨት የተሠሩ፥ ልጆቹ ነፍስ ሳያውቁ የተገዙ ናቸው። ታላቅ ወንድም ደላላ ጠርቶ ቢያስገምት፥ ለቡፌው የተሰጠው ዋጋ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ያነሰ ሆነ። ታናሽ እኅት ይህን በሰማች ጊዜ «ጋሼ፥ እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስትወለውለው የኖረችው ቡፌ ዋጋው ይህ ነው? ወይስ ከደላላው ጋራ የተነጋገሩት ነገር አለ?» አለችው። ከዚያች ቃል በኋላ ሁለቱ ብዙ ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ወንድምየው ግን አልበደለም ነበር፤ ደላላውም ቢሆን ከሌላው ደላላ የከፋ አልነበረም። የተለወጠው ገበያው ነው። ይህነን ባለማወቅ ስንት ቤተሰብ እንደ ተቀያየመ የሚያስብ ሰው ነገሩን ጠንቅቆ መረዳት እንደሚገባ ያምናል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝና በአሜሪካ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ከማሆጋኒና ከሌላም ጠንካራ እንጨት የተሠሩ ቡናማ ሳጥኖች፥ ጠረጴዛዎችና ወንበሮች ለብዙ ዘመን የታላቅ ቤት ምልክት ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ዋጋቸው እየጨመረ ስለ ሄደ፥ ብዙ ሰው ለልጅ የሚተርፍ ሀብት ነው እያለ ገዛቸው። ነገር ግን ከ2000 ጥቂት ዓመታት በኋላ ዋጋው ማሽቆልቆል ጀመረ፤ በጥራቱ መካከለኛ ከሆነውም ዕቃ ብዙው ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። ከዚያ ወዲህም በጠቅላላው ወደ ቀድሞው ስፍራው አልተመለሰም። ብርቅ የሆነው፥ በማን እጅና መቼ እንደ ተሠራ የታወቀውና ያልተበላሸው ግን ዛሬም ፈላጊ አለው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ቤቶች እየጠበቡ ሄዱ፤ ለምግብ ብቻ ተብሎ የሚለየው ክፍል ቀረ። በስዊድን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 የተቋቋመው ኢኬያ በ1987 እንግሊዝ አገር ገብቶ፥ ተፈታትቶ በካርቶን የሚወሰድና ገዢው ራሱ በቤቱ የሚገጣጥመውን ቀላል ዕቃ በርካሽ ያቀርብ ጀመር። በ1996ም ይኸው ድርጅት የእንግሊዝ ባለቤቶች አበባ የታተመበትን የቆየ የቤት ጨርቃቸውን አውጥተው እንዲጥሉ የሚገፋፋ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሳየ። ወጣቱ ነጣ ያለና ቀለል ያለ ዕቃን ወደደ። በዚያው ዘመን ደግሞ አረጋውያኑ ወደ ትናንሽ ቤት ሲዛወሩና ሲያርፉ ዕቃቸው ሁሉ በአንድነት ወደ ገበያ ወጣ። ሻጭ በዝቶ ገዢ ሲያንስ ዋጋ መውደቁ አይቀርም።

ወደ አገራችን ስንመለስም መንገዱ ይመሳሰላል። በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ ከሰፊ ግቢ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት ተዛውሯል። ከእነዚህ ሕንጻዎች ብዙዎቹ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ስለ ሆኑ፥ የአባት ቁም ሳጥን በደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ቢገባም እንኳ ሳሎኑን ይሞላዋል። ብርጭቆና ሰሓን በቡፌ ውስጥ ደርድሮ ለእንግዳ ማሳየት የነበረው ክብር ቀንሶ፥ ስፍራውን ቴሌቪዥን ወስዶታል። ከውጭ የሚመጣውም ሶፋና ከችፑድ የሚሠራው ቁም ሳጥን ዕድሜው አጭር ቢሆንም ለዓይን አዲስ ነው፤ ለመሸከምም ይቀላል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። የአሮጌ ዕቃ ዋጋ የሚቆረጠው በሻጩ ቤት በነበረው ክብር ሳይሆን በገዢው ቤት ባለው ስፍራ ነው። ስለዚህ ደላላው ዝቅተኛ ዋጋ በጠራ ጊዜ እናታችንን የሰደበ አይምሰለን። የእናታችን ድካም በገበያ ሚዛን ላይ ከቶ አልወጣም፤ ሊወጣም አይችልም። ይህን የለየ ቤተሰብ ይሸጣል ወይም ያስቀራል፤ ያልለየ ግን ዕቃውንም ፍቅሩንም በአንድ ጊዜ ያጣል።

ደግሞም ለአንድ ዕቃ ልዩ ልዩ ዋጋ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አሠርቶ ለመተካት የሚጠየቀው ዋጋ አንድ ነው፤ ነጋዴው በሱቁ አቁሞ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው፤ ለሻጩ በእጁ የሚቆጠርለት ደግሞ ከሁሉ ያነሰው ነው። ነጋዴው የጫኝና የአውራጅ፥ የጥገናና የሱቅ ኪራይ ይከፍላል፤ ገዢ እስኪመጣም ወራት ይጠብቃል። በሱቅ የተሰማውን ዋጋ ይዞ በቤቱ የሚጠብቅ ሰው እንዲያዝን የታወቀ ነው።

አሁን ለሚሸጥ ሰው የሚበጀውን እንናገር።

አንደኛ፥ በኀዘን ሳምንት አትሽጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ቤቱን ለማስረከብ ቀን ያለው ሰው ደላላው ዘንድ ጉልበት የለውም። የሚቻል ከሆነ ዕቃውን በዘመድ ቤት አስቀምጣችሁ ወራቱን ጠብቁ፤ በክረምት ዝናብ ማጓጓዙም ስለሚያስቸግር፥ ለትምህርት ቤትም ወጪ ስለሚበዛ ገዢ ይጠፋል። የሠርግ ወራት ሲቃረብ ግን ጎጆ ወጪዎች ዕቃ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛ፥ መሳቢያውን ሁሉ አውጥታችሁ፥ ከበስተኋላውም ያለውን ፈትሹ። የቤት ካርታ፥ ፎቶግራፍ፥ ደብዳቤ በዚያ ተረስቶ ይገኛልና። የብራና መጽሐፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ቢገኝ ከዕቃው ጋራ የሚሸጥ አይደለም፤ ለንስሐ አባት አሳይታችሁ ወደሚገባው ስፍራ ይመለስ።

ሦስተኛ፥ ለማሳመር ብላችሁ አትፋቁት፥ ቀለምም አትቀቡት። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማንሣት፥ የላላውን ብሎን ማጥበቅ ይበቃል። ነቀዝ ወይም ምስጥ የበላው ቢኖር ግን ለገዢው ሳይደብቁ ማሳየት ይገባል። የጥንት ዕቃ የሚያውቅ ገዢ የቆየውን መልክ ይፈልጋልና፥ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል።

አራተኛ፥ የያዛችሁትን ዕወቁ። ዋንዛ ነው፥ ዝግባ ነው ወይስ በላዩ ስስ ልባጥ የተለጠፈበት ኮምፔንሳቶ? መሳቢያው በምስማር ተመትቷል ወይስ ጥርስ በጥርስ ተጋጥሟል? መቼና በማን እንደ ተሠራ የሚያስረዳ ደረሰኝ አለ? ቁመቱንና ወርዱንም ለክታችሁ ጻፉ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። በተለይም የጅማው በርጩማ በደላላ ዘንድ እንደ ምርቃት ተጨምሮ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ፤ ሦስት እግር ኖሮት ከአንድ ወጥ እንጨት ተፈልፍሎ የሚወጣው ጥንታዊ በርጩማ ከትልቁ ቡፌ ይልቅ ፈላጊ ሊያገኝ ይችላል። ቅርስ የሆነውን ዕቃ ግን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለ ሆነ፥ በውጭ አገር ለሚኖር ልጅ የሚላክ ቢኖር አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፥ ቢያንስ ሦስት ገዢዎች ወራሾች ሁሉ ባሉበት ዋጋ ይስጡ፤ ዋጋውም በወረቀት ይጻፍ። ይህ ምክር ገንዘብ ከሚያስገኘው ይልቅ ሰላም የሚያስገኘው ይበልጣል።

የቀዘቀዘ ገበያ ለሻጭ መራራ ቢሆንም ለገዢ በረከት መሆኑን ጎጆ የሚወጡ ወጣቶች ባይዘነጉት መልካም ነው። ለአንድ የችፑድ ቁም ሳጥን በሚከፈለው ገንዘብ፥ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ፥ የልጅ ልጅ የሚያየው የወጥ እንጨት ዕቃ ይገኛል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የድሮ ጠንካራ ጠረጴዛ በርካሽ ሊያገኙ የሚችሉበት ዘመን ነው። የደጁን ስፋትና የደረጃውን መታጠፊያ ለክቶ የሚገዛ ሰው አይጸጸትም።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። ነገሩ ሲከር መካከለኛይቱ እኅት ሁሉንም ጠርታ ሦስት ነጋዴዎች በፊታቸው ዋጋ እንዲሰጡ አደረገች። የሦስቱም ዋጋ ከመጀመሪያው ደላላ ዋጋ እጅግ የራቀ አልሆነም። ታናሺቱም ወንድሟ እንዳላታለለ በዓይኗ አይታ፥ ተነሥታ ጉልበቱን ሳመች። ጠረጴዛውንና ቁም ሳጥኑን በተገኘው ዋጋ ሸጠው ገንዘቡን ተካፈሉ፤ በርጩማዎቹን ሁለቱ ወንድሞች አንዳንድ ወሰዱ።

ቡፌውን ለመሸጥ መሳቢያውን ባወጡ ጊዜ ግን አንድ አሮጌ ደብተር ተገኘ። እናት የዕቁባቸውን ክፍያ የጻፉበት ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ ዕጣው እንደ ደረሳቸውና በዚያ ገንዘብ ቡፌውን እንደ ገዙ በእጃቸው ጽሑፍ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ለመሸጥ የተናገረ አልነበረም። ሆኖም ቡፌው ከማናቸውም ቤት የሚገባ ስላልሆነ፥ አናጢ ጠርተው የላይኛውን ባለ መስታወት ክፍል ከታችኛው አስለዩት። የታችኛው በታናሺቱ ቤት ሆነ፤ የላይኛው በታላቁ ወንድም ግድግዳ ላይ የመጻሕፍት ማስቀመጫ ሆኖ ተሰቀለ። የጥንት ዕቃ ዐዋቂ ቢያየው ዋጋውን አጠፋችሁት ይል ይሆናል። እነርሱ ግን የሚሸጠውን ከማይሸጠው ለይተው ስላበቁ፥ ዋጋውን የሚጠይቅ አልነበራቸውም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ በሕይወት ያላችሁ ወላጆች ይህን ለልጆቻችሁ ፍርድ አትተዉት። የትኛው ዕቃ ለማን እንዲሆን፥ የትኛውም ያለ ቅሬታ እንዲሸጥ ዛሬ ተናገሩ፤ ጻፉትም። ልጆችም የሆናችሁ፥ ከመሸጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። ገበያ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ነገ ሊሞቅ ይችላል፤ በወንድማማች መካከል የቀዘቀዘ ፍቅር ግን እንዲሁ በቀላሉ አይሞቅም።