ቅጠሉ ለክኒኑ ይድረስለት!

ወገኖቼ፣ አንቲባዮቲኮቻችን እየደከሙ ነው። ትናንት በክኒን ይድን የነበረ ቁስል ዛሬ በመርፌም አልድን እያለ ነው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በቀጥታ የገደሉት ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። በምጥ የተሰቃየች እናት፣ እትብቱ ያልደረቀ ጨቅላ፣ ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገለት አባት፣ ሁሉም ተስፋቸው ያ መድኃኒት ነው። እሱ ከከዳን በማን እንመካለን?

አዲስ መድኃኒት ከውጭ እስኪመጣልን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። ያለንን እናበርታ! አጋር እንፈልግለት!

ባክቴሪያው የሚያመልጥበትን መንገድ እዩት። አንዱ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫል። ሌላው ሽፋኑ ላይ ፓምፕ አለው፤ የገባውን መድኃኒት መልሶ ይተፋዋል። ኢንዛይሙን የሚያስር ወይም ፓምፑን የሚደፍን አጋር ከተገኘ፣ ያረጀ የመሰለን መድኃኒት እንደገና ይሠራል። ይህ ሕልም አይደለም። ፋርማሲ የምትገዙት ኦግመንቲን አሞክሲሲሊን ብቻ አይደለም፤ አብሮት ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ኢንዛይሙን ያስርለታል። እሱም የተገኘው ከአፈር ተሕዋስ ነው።

ከዕፅዋትስ? በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት፣ ምላስ የሚያቃጥለው የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር ፒፐሪን የሲፕሮፍሎክሳሲንን ጉልበት በስታፊሎኮከስ ኦውረስ ላይ እንደሚጨምር አሳየ። ቁንዶ በርበሬ! ከወጥ ቤታችን መደርደሪያ የማይጠፋው! ታዲያ ጦስኙ፣ ጤና አዳሙ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ዳማከሴው ምን ይዘው ይሆን?

ማየት የሚችል ዓይን አላጣንም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን የሚገድል ተክል ያገኘው በዚህ ነው። ሴቶቹ ለዘመናት የያዙትን እውቀት እሱ ወደ ላቦራቶሪ ወሰደው።

እኛም እንውሰድ! አሁኑኑ!

የባህል ሐኪሞች ሆይ፣ እውቀታችሁ አብሯችሁ መቃብር አይውረድ። የትኛው ቅጠል፣ በየትኛው ወር የተቆረጠ፣ ሥሩ ነው ወይስ ልጡ፣ አስመዝግቡት። አታላይ እንዳይነጥቃችሁ ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የማኅበረሰብ እውቀትን መብት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለላችሁ። በእሱ ተደራደሩ።

ተመራማሪዎች ሆይ፣ ተክሉን ብቻውን ፈትናችሁ አታቁሙ። ከአንቲባዮቲኩ ጋር አጣምሩት፤ ከገዛ ሆስፒታሎቻችን ሕመምተኞች በተገኙት መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ሞክሩት። ጉበትና ኩላሊት እንደማይጎዳ አረጋግጡ። ደግሞ እባካችሁ፣ ውጤቱ አቧራ የሚጠጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ አይቅር! የባህል ሐኪሙንም በጥናቱ አጋር አድርጉት፤ ቅጠል አቀባይ ብቻ አይሁን።

የፋርማሲ ባለሙያዎች ሆይ፣ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አትሽጡ። «ሁለት ፍሬ ብቻ ስጠኝ» ያለውን ደንበኛ እንቢ በሉት። ይቆጣ፤ ቁጣው ይበርዳል።

እናንተስ፣ በየቤታችሁ ያላችሁ? በዚህ ላይ ቆጣ ልበል፦ ይህን ሰምታችሁ ክኒንና ቅጠል በራሳችሁ አትቀላቅሉ! በላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ በሰው አካል አይሠራም። አንዳንዱ ዕፅ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ አንዳንዱ መርዝ ይሆናል። ሐኪሙ ያዘዘውን በታዘዘው መጠንና ጊዜ ውሰዱ። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ አትጠይቁ፤ ጉንፋን የቫይረስ ነው። የተረፈ ክኒን ለጎረቤት አታውሱ።

ሐኪም ፊት ስትቀርቡም የጠጣችሁትን ዳማከሴ አትደብቁ። «ይህን ጠጥቻለሁ» በሉ፤ ሐኪሙም ሳይሳለቅ ይመዝግበው። ነገ የሐኪም ቀጠሮ ካላችሁ፣ ከነገ ጀምሩ።