የጦርነት መጨረሻ በጉርድ ፎቶ

ግንቦት በመጣ ቁጥር ጋዜጦቻችን የሚያወጧቸው የ1983 ዓ.ም. ፎቶግራፎች ጥቂት ናቸው። ግንቦት 15 ቀን ከመቆሚያው የተነቀለው የሌኒን ሐውልት መሬት ላይ ተጋድሞ፤ ግንቦት 20 አዲስ አበባ የገባ ታንክ፤ ጎፈሬውን ያሳደገ፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ኮንጎ ጫማ የተጫማ ወጣት ታጋይ። ሁሉም የተነሡት መሐል ከተማ ነው። እኔ ቡራዩ ፎቶ ቤት ከፍቼ የኖርኩ ሰው ነኝና ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ከምዕራብ የመጣው ጦር በአምቦ መንገድ፣ በደጃችን አልፎ ነው የገባው። የኛን ደጅ ማን አነሣው?

ልማዱ የቆየ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በፍቼ መንገድ መጥተው፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጠው፣ እንጦጦ ማርያም ጸልየው ነው ወደ ከተማ የወረዱት። ከዚያ ቀን ፎቶግራፎች ያየሁት ግን የከተማውን አቀባበል ነው። የሱሉልታን ሜዳ የሚያሳይ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከፎቶዎቹ ሥር በተጻፈው፣ ከንጉሡና ከእንግሊዛዊው የጦር መኮንን ከዊንጌት ስም ቀጥሎ የሚመጣው «አርበኞች» የሚል አንድ ቃል ነው፤ በቃ።

ሰበታ የሚኖር፣ እዚያው መርሐ ዕውራን የተማረ ወዳጅ አለኝ። ጋዜጣ ሳነብለት ፎቶውንም እንድነግረው ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ማን ነው?» ብሎ ነው። «አንድ ታጋይ» እለዋለሁ። «ስም የለውም እንዴ?» ይለኛል። እኛ ዐይናማዎቹ ፊቱን ስላየነው ያወቅነው ይመስለናል።

የጋዜጣ ፎቶ አንሺውን ለመውቀስ አይደለም። በጥይት መሐል የሚሮጥ ሰው ስም ለመጠየቅ ፋታ የለውም። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ግንቦት 27 ቀን 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቷል፤ ድምፅ ቀራጩ ጆን ማታይ እዚያው ሞቷል። ጥያቄዬ ፎቶው ከታተመ በኋላ ባሉት ዓመታት ስሙን ለምን አልጠየቅንም ነው።

ከቡራዩ ወደ ሆለታ ሲወጡ ታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያው እዚያ ሠልጥኖ በአብዮት አደባባይ ሲሰለፍ ካሜራ ሞልቶ ነበር። ሲመለስስ? ከ1983 በኋላ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት አባል ትጥቁን ፈትቶ ወደ ቀዬው ተበተነ። ከነዚያ ጥቂቶቹ በፎቶ ቤቴ አልፈዋል። መታወቂያ ለማውጣት፣ ሥራ ለመጠየቅ፣ ለሁሉም ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል።

ሰውየው የሚመጣው ማዕረጉ የተነሣበትን የወታደር ሸሚዝ ለብሶ ነው። በዚያ ሸሚዝ መነሣት አይፈልግም። ከግድግዳው የፎቶ ቤቱን ኮት አውርጄ አለብሰዋለሁ፤ ክራባቱ ላስቲክ ስላለው ማሰር የለበትም። ኮቱ አንድ ብቻ ነው። ለቀጭኑ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እሰበስበዋለሁ፣ ለወፍራሙ ሳይቆለፍ ይቀራል፤ ያኔ ግን ወፍራም ብዙ አልነበረም። አሥር አለቃውም መቶ አለቃውም በዚያው ኮት ተነሡ። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ፈገግ ልበል?» አለኝ። «ለመታወቂያ አይሆንም፣ ሻምበል» አልኩት። «ሻምበሉን ተወው፤ ከእንግዲህ አቶ ነኝ» አለና ቀና አለ።

ለኔ የጦርነቱ መጨረሻ ፎቶ ይህ ነው። ከታንኩ ፎቶ ይበልጣል እስከማለት እደፍራለሁ፤ ታንኩ ጦርነቱ የት እንደደረሰ ያሳያል፣ ጉርዱ ፎቶ ሰውየው ከጦርነቱ መውጣቱን። ኋላ ኋላማ የጦርነት መጨረሻ ራሱ የስምምነት ጠረጴዛ ላይ ሆነ። በ1993 አልጀርስ፣ በ2015 ፕሪቶሪያ፤ ክራባት ያሰሩ ሰዎች፣ ሰነድና እስክሪብቶ። የነዚህማ ስማቸው በሚገባ ተጽፏል።

በ1945 እ.ኤ.አ. ጃፓን ስትሸነፍ ኒው ዮርክ አደባባይ አንድ መርከበኛ አንዲት ሴት ሲስም ፎቶ አንሺው አይዘንስታት ያነሣው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። የሰዎቹ ስም ግን አልተያዘም። ላይፍ መጽሔት ከ35 ዓመት በኋላ እነዚያ ሰዎች ራሳቸውን እንዲያስታውቁ ቢጠይቅ «እኔ ነኝ» ባዩ በዛና ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። ዘግይቶ መጠየቅ እንዲህ ያደርጋል። የኛ ገና አልመሸም፤ በ1983 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ጡረታ ደጅ ላይ ነው።

አዲስ ዘመን ጋዜጣ ራሱ ግንቦት 30 ቀን 1933 የተወለደው ከጦርነት መጨረሻ ነው። ስም የሌላቸውን አሮጌ ፎቶዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ እያወጣ «ይህን ሰው የሚያውቅ» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይከብደዋል? ሌሎቹም ጋዜጦች እንዲሁ።

የፎቶ ቤቶቹ ነገር ግን ይቸኩላል። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ከሆኑ ወዲህ መንገድ ይሰፋል፣ ቤት ይፈርሳል፤ የነጋቲቩ ካርቶን ከፍርስራሹ ጋር ይጫናል። ያልተጫነውም አይቆይም። የገፈርሳ ግድብ እርጥበት የገባው ፊልም መጀመሪያ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ ከዚያ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ የለ፣ ማተም የለ። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ሰዎች ከወመዘክር ጋር ሆነው ካርቶኖቹን ይረከቡን።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ «ያ ወታደር ፊቱ እንዲታይ ይፈልጋል ወይ?» ብሎ ሞግቶኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አይታተም፤ አልፈልግም ያለ ነጋቲቩን ይውሰድ። ለመፍቀድም ለመከልከልም ግን መጀመሪያ ፊልሙ መትረፍ አለበት።