«ምንም አልሆንኩም» ማለት ማስረጃ አይሆንም

«ጭንቅላቱን ተመትቶ የዳነ ልጅ ትምህርቱን ቸል ካለ ስንፍና ነው፤ ቁጣ እንጂ ሐኪም አያሻውም» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ታትሟል። የጸሐፊው ዋና ማስረጃ ልጁ ራሱ «ምንም አልሆንኩም» ማለቱ ነው።

ስህተቱም እዚሁ ላይ ነው። ራስን መታዘብ የአንጎል ሥራ ነው። በዚህ ትልቅ ድርሻ ያለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይበስላል፤ በአደጋም በቀላሉ ይጎዳል። ሚዛኑ ራሱ ሲሰበር ልጁ ጉድለቱን አልደበቀም፤ አላየውም።

«ለጋ አንጎል ቶሎ ይጠገናል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ለዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነው፣ ተመራማሪዋ ማርጋሬት ኬናርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጦጣዎች ላይ ያደረገችው ጥናት በዋናነት ስለ አካል እንቅስቃሴ ነበር። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሕፃን ግን ችግሩ ገና ከዓመታት በኋላ፣ ትምህርቱ ሲከብድና ዕቅድ ማውጣት ሲጠበቅበት ሊገለጥ ይችላል።

ተመራማሪው ክሮሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 የራስን ጉድለት መገንዘብን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፦ ችግሩን ማወቅ፣ ሲከሰት ማስተዋል፣ ሳይከሰት መገመት። ተማሪው ለሐኪሙ «አዎ፣ እረሳለሁ» ብሎ፣ ክፍል ውስጥ የቤት ሥራውን ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ይወጣል። ጸሐፊው ይህን «ንቀት» ይሉታል፤ እኔ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ መቆም እለዋለሁ።

መፍትሔው ከፈተና በፊት «ስንት የምታገኝ ይመስልሃል?» ብሎ ማስጻፍ፣ ከውጤቱ ጋር በእርጋታ ማስተያየት ነው። በእርጋታ ያልኩት፣ ጉድለቱን በድንገት የተረዳ ጎረምሳ በሐዘን ሊዋጥ ስለሚችል ነው። ቁጣ ልጁን ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ራሱን እንዲያይ ግን አያደርገውም።