አንገትን ስለ መጠበቅ

የሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህንንም ሸክም ከንጋት እስከ ማታ ችሎ የሚውለው አንገት ነው። እግር ቢደክመው ሰው ይቀመጣል፥ እጅም ቢዝል ያርፋል፤ አንገት ግን ባለቤቱ ጋደም ካላለ በቀር ዕረፍት የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ማጅራታቸውን ሲያማቸው፥ ሕመሙም ወደ ራሳቸው ወጥቶ ወይም ወደ ክንዳቸው ወርዶ ሲያስጨንቃቸው እናያለን። አንዳንድ ጊዜም ከሕመሙ ይልቅ መድኃኒት ነው ተብሎ የሚደረገው ነገር የከፋ ጉዳት የሚያመጣ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል መናገር የሚገባ መስሎ ታይቶናል።

አንገት 7 አከርካሪ አጥንቶች አሉት። በአብዛኞቹም መካከል ዲስክ የሚባል፥ እንደ ትራስ ሆኖ አጥንትን ከአጥንት የሚያለዝብ ነገር ይገኛል። ከኅብለ ሰረሰር የሚወጡ 8 ጥንድ ነርቮችም በአጥንቶቹ አጠገብ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ያልፋሉ። ዲስኩ ከቦታው ሲወጣ ወይም በዕድሜ ብዛት አጥንቱ ሲያብጥ፥ ነርቩ በመተላለፊያው ላይ ይጫናል። ያን ጊዜ ሕመሙ ከአንገት ተነሥቶ ወደ ትከሻና ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ጣትም ይደነዝዛል፥ ይወረራል፥ እጅም ኃይል ያጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት 6ኛውና 7ኛው ነርቮች ስለ ሆኑ፥ መደንዘዙ በአውራ ጣት፥ በሌባ ጣትና በመካከለኛው ጣት ላይ ይበረታል።

ራስ ምታቱ ግን የሚመጣው ከላይኛው የአንገት ክፍል ነው። የላይኞቹ 3 ነርቮች ስሜት ከፊትና ከግንባር ስሜት ጋራ በአንጎል ግንድ አንድ ስፍራ ላይ ስለሚገናኝ፥ በማጅራት ያለው ቁስል በግንባርና በዓይን ዙሪያ ያለ መስሎ ይሰማል። ኦታር ስያስታድ የሚባሉ የኖርዌይ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ1983 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ዓይነት ራስ ምታት ለይተው ገለጹት። ይሁን እንጂ ራስ ምታት ሁሉ ከአንገት የሚመጣ አይደለም፤ ማይግሬን የሚባለውም ሕመም ማጅራትን ያሳምማል። ስለዚህ ሕመሙን ለይቶ መናገር የሐኪም ሥራ ነው እንጂ የጎረቤት ሥራ አይደለም።

ለታመመ ሰው የሚያጽናናው ነገር፥ ነርቭ የተጫነባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሚሻላቸው መሆኑ ነው። ወጣ ያለውንም ዲስክ ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያሟሽሸዋል። የሚያስፈልገው ሥራን በልክ ማድረግ፥ አንገትን በቀስታ ማንቀሳቀስ፥ በሞቀ ጨርቅ መተኮስ፥ ሐኪም የፈቀደውን ማስታገሻ መውሰድ፥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያስተምረውንም እንቅስቃሴ ሳይሰለቹ መሥራት ነው። የአንገት መደገፊያ አስሮ ለብዙ ጊዜ መቀመጥ ግን ጡንቻን ያሰንፋል። እንደዚሁም ሕመሙ በጀመረ ማግሥት ገንዘብ ተበድሮ ኤም አር አይ ለመነሣት መሮጥ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ምንም ሕመም በሌለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ እንኳ ያረጀ ዲስክ ይታያል።

ወጌሻ የተሰበረውን ሲጠግን፥ የወለቀውን ሲመልስ የኖረ ባለሙያ ነውና ክብሩን አንነፍገውም። ነገር ግን አንገት እንደ ክንድና እንደ ቁርጭምጭሚት አይደለም። በውስጡ ኅብለ ሰረሰር ይወርዳል፥ በጎንና በጎኑም ለአንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች ይወጣሉ። አንገት በድንገት ተጠምዝዞ ሲንቋቋ ከነዚህ ሥሮች አንዱ ቢሰነጠቅ፥ ሰው በስትሮክ ተመትቶ ሊቀር ይችላል። ይህ የሚሆነው በጥቂቱ ነው፤ የሆነበት ሰው ግን የሚከፍለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ማሸት ሌላ፥ መጠምዘዝ ሌላ መሆኑን ወጌሻም ታማሚም ሊያውቁት ይገባል።

ሁለተኛው ስሕተት በየቀኑ ክኒን መዋጥ ነው። ራሱን የሚያመው ሰው ተራውን ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፥ ከ3 ወር ለሚበልጥ ጊዜ ቢወስድ፥ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታትን ይወልዳል። ሦስተኛው ስሕተት ዝም ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና፥ የእጁ ኃይል እየደከመ የሄደ፥ ሲራመድ እግሩ የሚተሳሰርበት፥ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፥ ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ አንገቱን የተመታ፥ ወይም ከዚህ በፊት ያላወቀው ብርቱ ራስ ምታት በድንገት የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ከትኩሳት ጋራ አንገት መገተር የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የሌሊት ላብና መክሳት ያለበትም የአንገት ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ነርቭ ለብዙ ጊዜ ተጭኖ ከሞተ በኋላ ቀዶ ሕክምና እንኳ ኃይሉን ሁሉ አይመልስለትም።

ከማከም ግን መጠበቅ ይቀላል። ከእንጦጦ ተራራ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት፥ ከምንጭ ውሃ የምትቀዳ ልጅ፥ በገበያ ጆንያ የሚያነሣ ወዛደር አንገታቸውን የሚያጎብጡት ወደው አይደለም። ስለዚህ የቤት አባወራ እንስራውንና ጀሪካኑን ለሚስቱና ለልጁ ብቻ አይተው፤ ሸክሙን ይካፈል፥ አህያ ያለውም በአህያ ይጫን። አሠሪም የሠራተኛውን ሸክም በልክ ያድርግ። በጽሕፈት ቤት የሚውልና ስልኩን አቀርቅሮ የሚያይ ሰውም በየጊዜው ብድግ ይበል፥ የሚያየውን ነገር ወደ ዓይኑ ትክክል ያንሣ፥ ትራሱንም አያስረዝም።

አገር የሚሠራው በጤነኛ ክንድ ነው፤ ክንድም ኃይሉን የሚያገኘው በአንገት ከሚያልፉት ነርቮች ነው። እንግዲህ ሕመሙን ሳንንቅ፥ መድኃኒቱንም ሳናጣድፍ፥ አንገታችንን በእውቀት እንጠብቅ።