የሣሩ መንገድ ጠርዝ የማን ነው?

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ስብሰባ ላይ በጩኸት ተጀምሮ በዝምታ የተበተነውን ጉዳይ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ልናወጣው ተገደናል። ጉዳዩ በየአጥሩ ሥር ባሉት የአበባ መደቦችና በመካከላቸው በሚያልፈው የሣር መንገድ መካከል ያለው ጠርዝ ነው። «ስለ ሣር ጠርዝ ደግሞ ይጻፋል ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። አዎ፣ ይጻፋል። ቃሬዛ ተሸክሞ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ለምን እንደጻፍን አይጠፋውም።

መንገዱ ሲጀመር ጀሪካን የያዙ ሁለት ሴቶች ሳይነካኩ ይተላለፉበት ነበር። ዛሬ አንዷ ካልቆመች ሌላዋ አታልፍም። ይህ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ሣሩ ወደ መደቡ ይገባል፣ ባለመደቡ ይናደድና መደቡን ወደ መንገዱ ይገፋል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ስንዝር ትሄዳለች። የመጀመሪያው የሰርዶ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ግን የእኛ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች መካከልም አንዱ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ እንዳሻገረ ሳንደብቅ እንናገራለን፤ አሁን መልሶታል።

ስለ ሰርዶ ትንሽ እንበል፤ ጠላትን ሳያውቁ መዝመት ድካም ነውና። ሰርዶ የሚሄደው በሁለት በኩል ነው። ከላይ መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ከታች ደግሞ ነጭና ሹል የሆነ ግንድ በአፈሩ ውስጥ ይልካል። ስለዚህ በእጅ ቅጠሉን መንጨት ዋጋ የለውም። የተበጠሰው ቁራጭ አፈር ውስጥ ከቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል። በዶማ ከትክቶ መተውማ አንዱን ሰርዶ አሥር ማድረግ ነው። የሚበጀው በመንገዱና በመደቡ መካከል ግማሽ ስንዝር የሚጠልቅ ቦይ በአካፋ መቁረጥ ነው፤ በሣሩ በኩል ቀጥ ያለ፣ በመደቡ በኩል ዘንበል ያለ። ከላይ የሚሳበው ሰርዶ ቦዩ ላይ ሲደርስ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ በማጭድ ይቆረጣል። ከታች የሚመጣውም ነጭ ጫፉ ስለሚታይ ተስቦ ይወጣል። ቦዩ ሰርዶን ፈጽሞ ያስቆማል አንልም፤ ክረምቱን ሁለት ሦስት ጊዜ መታደስ አለበት። ሥራ ነው፣ ግን ሳንቲም አያስወጣም።

አሁን ወደ ሲሚንቶ ደጋፊዎቹ እንምጣ። «ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ስትዋብ አየን፣ ጎንደርም ተከተለች፣ ጠርዙ ሁሉ በኮንክሪት ተሠርቶ ሣርና አበባው አምሮበታል፤ አዲ አርቃይ ምን ጎደላት?» ይላሉ። ያምራል፤ አልካድንም። ነገር ግን እዚያ ከኮንክሪቱ ሥር የጎርፍ መውረጃ ተቀብሯል፣ አበባውን የሚያጠጣና የሚከረክም ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለ። የእኛ መንገድ ተዳፋት ነው። በግራና በቀኝ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ጠርዝ ቢሠራበት መንገድ መሆኑ ይቀርና የጎርፍ አሸንዳ ይሆናል። የሐምሌ ዝናብ ሣሩን ከነአፈሩ ጠርጎ ከታች ባሉት ጎረቤቶቻችን ደጅ ይከምረዋል። ሩቅ አንሂድ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ለሁላችንም ትምህርት ቤት ነው። በተራራው በኩል ያለው ቦይ ሲደፈን ውኃው መንገዱን አቋርጦ ጠርዙን እንደሚበላው ከደባርቅ ቁልቁል በወረድን ቁጥር በዓይናችን እናያለን። ውኃ መውጫ ካጣ ሲሚንቶን አይፈራም።

የቢራ ጠርሙስ ገልብጦ መቅበርንም አንቀበልም። ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጡበታል፤ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። በኖራ የተቀባ ድንጋይ ለዓይን ጥሩ ነው፤ ሆኖም በድንጋዮቹ መካከል የሚበቅለውን ሰርዶ ማጭድ አይደርስበትም፤ ደግሞም በዚህ ሰፈር ድንጋይ እግር አለው። ቦይ ግን ሌሊት ተነሥቶ አይሄድም፤ የሚያሰፋውም ሰው አፈሩ ይመሰክርበታል።

«ከደጄ ፊት ያለው የእኔ ነው» የሚሉ ወገኖችም አሉ። እንዴት ሆኖ? የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ከተደነገገ ወዲህ፣ ለእያንዳንዳችን ያለን በይዞታ ካርታችን ላይ የተሠመረው ልክ ነው። መንገዱ በማንም ካርታ ውስጥ የለም። ካለ ይዞ ይምጣ፣ አይተን ይቅርታ እንጠይቃለን።

አንዲት እናታችን በስብሰባው ላይ «መደቤ ከተቆረጠ ጽጌረዳዬ የት ትውደቅ?» ብለው አዝነው ነበር። እማማ፣ ጽጌረዳዋ አትነቀልም። ወደ መንገዱ የዘረጋችው ቅርንጫፍ ትከረከም፣ እሾኋም የሰው ነጠላ መያዙን ትተው። ጤና አዳሙም በሶብላውም ባለበት ይኖራል። እኛ መደብ ይጥፋ አላልንም፤ በየደጁ አበባ መኖሩ የሰፈራችን ኩራት ነው። የጠየቅነው የመንገዱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ሦስት ክንድ እንዲሆን ነው። ሦስት ክንድም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ቃሬዛውን በመካከላቸው አድርገው ጎን ለጎን መራመድ የሚችሉበት ልክ ነው። ከዚህ ከጠበበ ተሸካሚው መደብ ይረግጣል፤ ያን ጊዜ አበባውም ይጠፋል፣ በሽተኛውም ይንገላታል።

ሥራው ዝናቡ ሳይጠና በግንቦት፣ ከሚካኤል ማግሥት እስከ ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ባሉት ቀናት ይከናወናል። «በዓል ነው» የሚባለውን ሰበብ አስቀድመን ስላወቅነው ነው ቀኑን እንዲህ የመረጥነው። ሲባጎና ችካል ከእኛ፣ አካፋ፣ ዶማና ማጭድ ከየቤቱ። ሲባጎው በሚያልፍበት ላይ ቅሬታ ያለው ችካሉ ሳይመታ ከደጁ ቆሞ ይናገር፤ እዚያው እንለካለን። ከነአፈሩ የሚቆረጠው ሣር መንገዱ ላይ ለተቦረቦሩት ጉድጓዶች መሙያ ስለሚፈለግ እንዳይጣል። የሰርዶው ሥር ግን ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ እርጥቡን ጎረቤት መደብ ውስጥ የሚወረውር ቢገኝ እሱኑ መልሶ እንዲለቅም ይደረጋል።