የኪኒኑ ሰዓትና የልጁ ውሎ

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ የሚኖር ቤተሰብ፥ ሐሳቡን መሰብሰብና አርፎ መቀመጥ የተሳነውን ልጁን ደሴ ወስዶ ቢያስመረምር፥ ሐኪሙም ሜቲልፌኒዴት የተባለውን መድኃኒት ቢያዝለት፥ በወረቀቱ ላይ «8 ሰዓትና 12 ሰዓት» የሚል ተጽፎ ያገኝ ይሆናል። ይህ በፈረንጅ አቈጣጠር ሲሆን ጠዋት 2 ሰዓትና ቀትር 6 ሰዓት ማለት ነው። ቤተሰቡ ግን በአገራችን ሰዓት ቢያነበው፥ የመጀመሪያው ኪኒን ከቀትር በኋላ፥ ሁለተኛውም ፀሐይ ስትጠልቅ ይሰጣል። ልጁ ጠዋት ያለ መድኃኒት ይማራል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤቱ ሳትወጡ «ጠዋት»፥ «ቀትር» ተብሎ በአማርኛ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

ይህ መድኃኒት በ1944 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር የተሠራ ነው፤ ኬሚስቱ በባለቤቱ በሪታ ስም ሪታሊን ብሎ ሰየመው ይባላል። ዕድሜው አጭር የሆነው ዓይነት ከተዋጠ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መሥራት ይጀምራል፤ ኃይሉም ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይቈያል። ቀስ በቀስ የሚለቀቀው ዓይነት እስከ 8፥ አንዳንዱም እስከ 12 ሰዓት ስለሚቈይ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል።

እንግዲህ በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶቻችን ነገሩ ይከብዳል። ከቀትር በኋላ የሚማር ልጅ አጭሩን ኪኒን ጠዋት 1 ሰዓት ቢውጥ፥ የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይደወል ኃይሉ አልቋል። ፈረቃው ሲለወጥ ለሐኪሙ መንገር ይገባል፤ ወላጅ በራሱ ሥልጣን ሰዓቱን ወደ ማታ መግፋት የለበትም። የጠዋቱ ቢረሳና ቀኑ ቢመሽም ለነገ መተው ነው እንጂ ሁለቱን ባንድነት ማስዋጥ ፈጽሞ አይገባም።

መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙዎች ሐኪሞች ልጁ ቁርሱን ከበላ በኋላ እንዲውጠው ይመክራሉ፤ ክብደቱንና ቁመቱንም ይከታተላሉ። በጾም ወራት እስከ ቀትር የሚቈይ ልጅ ግን በባዶ ሆዱ ይውጣል፤ ማዕዱ ሲቀርብ ደግሞ አልበላም ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅም፤ ጕዳዩን ጾሙ ሳይገባ ለንስሐ አባትና ለሐኪም ማስረዳት ይሻላል። ማታ ኃይሉ ሲያልቅ ልጁ ስለሚርበው፥ እራቱን ጠገብ አድርጋችሁ አቆዩለት።

በዚያው ሰዓት አንዳንዱ ልጅ ይነጫነጫል፥ ያለቅሳልም። እናቲቱ ይህ የሚሆንበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ጽፋ ለሐኪሙ ብታሳየው፥ መጠኑንና ጊዜውን ለማስተካከል ይረዳዋል።